ሕፃኑ ከደብተሩ ቀድሞ ተወልዷል

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ማን ነው? መልሱ ቀላል ነው፦ ቤተሰቡ። መዋጮውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍለው አባወራው ወይም እማወራዋ ነው፤ ሽፋኑ ግን የባል፣ የሚስትና 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆቻቸው ነው። ታዲያ ትናንት ሌሊት የተወለደውስ? እሱም ልጅ ነው፤ 18 ዓመትም አልሞላውም። በመርህ ከሄድን ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ አባል ነው። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ግን አባልነት የሚታወቀው በደብተር ነው፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ ገና አልተጻፈም።

ነገሩን በአዋበል ወረዳ እናስበው። ከሉማሜ ራቅ ካለ ቀበሌ የመጣች እናት በሰላም ተገላገለች እንበል። ለወሊዱ አትከፍልም። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤቷ ገባች፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ዘመድ ጠየቃት። በ10ኛው ቀን ሕፃኑ ጡት እምቢ አለ፣ አተኮሰው፣ ትንፋሹ ፈጠነ። ከዚህ በኋላ ያለው ወሊድ ሳይሆን ሕክምና ነው። ምርመራ አለው፣ መድኃኒት አለው፣ አልጋ አለው፤ ምናልባትም ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር አለው። በዚህ ሰዓት ደብተሩ ተገልጦ «ይህ ልጅ እዚህ የለም» ቢባል አባት ምን ያደርጋል? ወይ ይበደራል፣ ወይ በግ ይሸጣል፣ ወይ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ብሎ ይመለሳል። ጨቅላ ደግሞ እስከ ነገ የሚቆይ አቅም የለውም።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 67ቱ 5ኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞታሉ፤ ከእነዚህ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። እንግዲህ ልጅ ለሞት እጅግ የሚቀርብበት ወር፣ ስሙ ደብተር ላይ የማይገኝበት ወር ነው ማለት ነው።

ለምን ቶሎ አይጻፍም? ወላጅ ቸልተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብዙው ቤተሰብ ስሙ የሚጸናው በክርስትናው ቀን ነው ብሎ ያምናል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። እናት አራስ ናት፤ አባት እርሻ ላይ ነው። መዋጮ የሚከፈለውና ደብተር የሚታደሰው በዓመት አንዴ ስለሆነ «ያኔ አብሮ ይጻፋል» ይባላል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን መንገድ የሚዘጋበትና ቢሮ የማይከፈትበት ቀን ብዙ ነው። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ ማለት ለዚህ ሕዝብ የሚባል አይደለም።

መፍትሔው እጃችን ላይ ያለ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ለዚህም ጤና ተቋሙ ለወላጆች የልደት ማሳወቂያ ይሰጣል። ልጁ መወለዱን፣ የማን እንደሆነና መቼ እንደተወለደ የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት ማለት ነው። ያ ወረቀት ለክብር መዝገብ ከበቃ ለጤና መድን ደብተር የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። እናቲቱ ከወሊድ ክፍል ሳትወጣ ደብተሯ ላይ «ሕፃን፣ የእገሊት ልጅ» ተብሎ ቀኑ ይጻፍ። ስሙና ፎቶው በእድሳት ጊዜ ይሟላል።

በቤት የሚወለዱትስ? በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራሷን ስትጎበኝ የመመዝገብ ሥልጣን ሊኖራት ይገባል። ቤቱን ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም።

«የሰው ልጅ እያመጡ ያስመዘግባሉ፤ ፈንዱም ይራቆታል» የሚል ስጋት ይነሳል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። የመድኃኒት እጥረቱን፣ ተቋማት ያልተከፈለ ሒሳባቸውን የሚጠብቁበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ማጭበርበርን የሚከላከለው የተቋሙ ማሳወቂያ ነው እንጂ መዘግየት አይደለም። መዋጮው በቤተሰብ ደረጃ የተተመነ ስለሆነም የሕፃኑ ድርሻ አስቀድሞ ተከፍሏል። የተከፈለበትን መከልከል ቁጠባ አይባልም።

የጤና መድን በትርፍ በሚሸጥባት አሜሪካ እንኳ፣ በአሠሪ በኩል መድን ያላቸው ወላጆች ልጃቸውን ለማስመዝገብ ቢያንስ 30 ቀን አላቸው። በዚያ ጊዜ ካስመዘገቡ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሄዶ ከተወለደበት ቀን ይጀምራል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ያውቁታል። እኛ ደግሞ ይህን ሥርዓት ያቆምነው ለትርፍ ሳይሆን ለመረዳዳት ነው። በ2003 ዓ.ም. በደቡብ አቸፈር፣ በፎገራና በተሁለደሬ በሙከራ ሲጀመር ለገበሬው የተነገረው «ታሞ በሬ ከመሸጥ ሳይታመሙ መክፈል» የሚል ሐሳብ ነበር። ያ ቃል ለጨቅላውም ይሠራል።

እስካሁንም ቅን ሠራተኛ የገጠመው ሕፃን በእናቱ ደብተር ሊታከም ይችላል፤ ጥብቅ ሠራተኛ የገጠመው ሊመለስ ይችላል። መብት በሠራተኛ ጠባይ ላይ ማደር የለበትም። ክልሉ አንድ ገጽ መመሪያ ጽፎ ለየወረዳው ቢያወርድ ይበቃል፦ «የአባል ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አባል ነው፤ የልደት ማሳወቂያው ማስረጃ ነው።»

እስከዚያው ልጅ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ክርስትናውን አትጠብቁ። ከወሊድ ክፍል ስትወጡ ማሳወቂያውን ጠይቃችሁ ያዙ፤ በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ደብተሩን ይዞ ቀበሌ ይሂድ። ሕፃኑ ደህና በሆነበት ቀን የተጻፈ መስመር በታመመበት ሌሊት ያስፈልጋል።