ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ሰኔ የእህቴን ልጅ ካርድ ለመቀበል ትምህርት ቤቷ ሄጄ ነበር። ካርዱ ማኅተም እስኪመታበት ድረስ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ከተሰባበሩ ዴስኮችና ከጠመኔ ካርቶኖች ጀርባ አርባ ታብሌት የያዘ ሣጥን ተቀምጧል፤ ማሸጊያ ፕላስተሩ እንኳ ገና አልተነሣም። ከሁለት ዓመት በፊት በእርዳታ የመጣ ነው አሉኝ። በርክክቡ ቀን ንግግር ተደርጎ ነበር፤ ፎቶም ተነሥቷል።

የአንደኛ ክፍል መምህርቷን ለምን እንደማይጠቀሙበት ጠየቅኋቸው። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ በሞዴል 22 ፈርሜ አውጥቼ አንዱ ቢሰበርብኝ ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው?» አሉኝ። ዝም ብለው ቆዩና በእጃቸው የያዟትን ስባሪ ጠመኔ እያዩ «ጠመኔ ሲሰበር ማንም አይጠይቀኝም» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ በተነጋገርን ቁጥር ወሬያችን ስለ ዕቃው ነው፤ ስንት ኮምፒውተር ገባ፣ መብራት አለ ወይ፣ ኔትወርክ ይሠራል ወይ። ዕቃውን የምትይዘው መምህርት ምን እንደምትፈራ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት በራዲዮ ነበረን። መምህራችን ራዲዮኑን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ይመጣሉ። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ጠዋት ፀሐይ ላይ ያሰጡትና ከዕረፍት መልስ ይከቱታል። ስርጭቱ ሳይጀመር አዳዲሶቹን ቃላት ከመምህሩ መምሪያ እያዩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ራዲዮኑ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል በአለንጋቸው ጫፍ ይጠቁማሉ። ያልገባን ከመሰላቸው ድምፁን ይቀንሱና በራሳቸው አፍ ይደግሙልናል። ሲያልቅ ቀጭ አድርገው ያጠፉትና «እስቲ፣ ምን አለ?» ይሉናል። ያ ራዲዮን የእሳቸው መሣሪያ ነበር፤ እንደ ጠመኔው።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚሰራጨው ትምህርት ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስዳል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ደግሞ ይሮጣል። አንዱን መስመር ገልብጠን ሳንጨርስ ሌላው ይተካል። ሰው ሁሉ ለልጁ ማስጠኛ የሚለምናቸው የሒሳብ መምህራችን ከስክሪኑ ጎን እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። እንዳልገባን ፊታችን ላይ ያያሉ፤ ግን ስርጭቱ አይጠብቃቸውም። ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋው ኮታቸው በዚያ ዓመት ንጹሕ ሆኖ አየሁት፤ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ይባስ ብሎ መምህር ጨርሶ ሳይኖር ቢሆንስ ያሉም ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት እንደታሸገ አደረሰ። ባለሙያ በሳምንት አንዴ እየሄደ ሜሞሪ ካርዱን ይቀይራል፤ የሚያስተምር ሰው ግን ሆነ ተብሎ አልተመደበም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኙና በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛን ፊደል እንደዘመሩ ለዓለም ተናገረ። በልጆቹ ብልህነት እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን በአካባቢው አብዛኛው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ «ሲ» ለብቻዋ ስትጻፍ «ጭ» ተብላ ትነበባለች፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ የዘመረ ልጅ ነገ በቋንቋው ማንበብ ሲጀምር ሁለቱን የሚያስታርቅለት ማን ነው? አጠገቡ ተቀምጦ «ይቺ እኛ ጋ ሌላ ድምፅ አላት» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

የማንበብ ነገር ደግሞ ቀላል ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ይህን ችግር ዕቃ ብቻውን አይፈታውም። ፔሩ ከ800,000 በላይ ላፕቶፖች ለተማሪዎች አድላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም።

ታዲያ ታብሌቱ ይመለስ አልልም። የምለው፣ ሣጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ለመምህርቷ ይሰጥ፤ ቤቷ ወስዳ የክረምቱን ሁለት ወር ትክረምበት፣ ትሳሳትበት፣ ልጆቿም ይጫወቱበት። ከአርባው በዓመት አራት አምስቱ እንደሚሰበሩ ከወዲሁ ይታሰብና ለዚያ በጀት ይያዝ። አሁን አንድ ስክሪን ለማስቀየር ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ ተቀምጦ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው የሞባይል ጠጋኝ ግን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የመንግሥት ንብረት ይባክን እያልኩ አይደለም። ሁለት ዓመት ታሽጎ የተቀመጠ ታብሌት ባትሪው እየሞተ ነው፤ ብክነቱ እዚያ ነው፣ ግን በማንም ደመወዝ ላይ አይቆጠርም።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። ስንሰናበት ከቦርሳቸው ስልካቸውን አወጡ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ድምፅ ቀድተው በቴሌግራም ለወላጆች መላክ የለመዱበት ስልክ ነው፤ መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ይቀዳሉ። «የራሴ ስለሆነ አልፈራም» አሉኝ። የእህቴን ልጅ የጥቅምት ንባብ ከፈቱ፤ «ላ... ላ...» ብላ ትቆማለች፣ ከኋላዋ ክፍሉ ይንጫጫል። ቀጥለው የግንቦቱን ከፈቱ፤ ስለ ላምና ጥጃ የሚያወራ ገጽ እስከ መጨረሻው ሳትቆም ወረደችው። ልጅቷ ፊቷን በቀሚሴ ሸፍና ስትሰማ ቆየችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ የጥቅምቱን ይድገሙልኝ።»