ፍጥሞና ጣና፦ የደሴት ዕቃ ቤት ለማን ይከፈታል?

የዮሐንስ ራእይን ያነበበ ሁሉ ፍጥሞን በስም ያውቃታል። ያቺ የግሪክ ደሴት ዛሬ የግዞት ስፍራ መሆኗ ቀርቶ የበጋ መዳረሻ ሆናለች። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ጎብኚው ከፒሬዎስ ወደብ በመርከብ ተጉዞ ይደርስባታል። በባሕሯ ዳርቻ ከዋኘ በኋላ ወደ ኮረብታው ይወጣና እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተውን የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ያያል። በገዳሙ ሙዚየም ውስጥ፣ ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ደሴቲቱን ለመሥራቹ ለክርስቶዱሎስ የሰጠበት ሰነድና በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎች ይገኛሉ። ሰነዱ ከተሰጠለት ቦታ አልራቀም፤ ጠባቂዎቹም ዛሬም መነኮሳቱ ናቸው።

ስለ ጣና ቱሪዝም ሲታሰብ የሚቀናው መዝናኛውን ማስቀደም ነው፤ ጀልባ፣ ሆቴል፣ የውኃ ዳር መናፈሻ። ይህ ሐሳብ ለባሕር ዳር ይሠራ ይሆናል። ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ወደ ሐይቁ ለሚወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፎገራና የሊቦ ከምከም ዳርቻ የሩዝ ማሳና ረግረግ እንጂ አሸዋ አይደለም፤ ላለፉት ዐሥርት ዓመታት እምቦጭ እየወረረው ነው፤ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ መኖሩም ይታወቃል። ከፍጥሞ የሚቀዳ ነገር ካለ ዋናው አይደለም፤ የዕቃ ቤቱ ባለቤትነት ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ፣ በትውፊት ጽላተ ሙሴ ያረፈበትና ቅዱስ ያሬድ የኖረበት ገዳም ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ይጠበቃል። የብራና መጻሕፍቱማ ብዙ ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርነስት ሐመርሽሚት ከጣና ደሴቶች መጻሕፍት የተወሰኑትን መርምሮ የካታሎጉን የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትሟል። ካታሎጉ በጀርመንኛ ነው። የደብረ ታቦር የድኅረ ምረቃ ተማሪ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለውን መጽሐፍ ለማወቅ በመጀመሪያ የባዕድ ቋንቋ መማር ይኖርበታል፤ ይህ ለማንም የሚያኮራ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ፈታኝ ሐሳብ ይመጣል፦ ቅርሶቹን ሰብስቦ በከተማ በአንድ ትልቅ ሙዚየም ማኖር። ከእርጥበት፣ ከእሳትና ከሌባ ይጠብቃቸዋል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት በመቅደላ ያከማቹት ለአንድ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 አምባው ሲወድቅ ወደ ሦስት መቶ ኀምሳ የሚሆኑት ለንደን ገቡ። ተበትነው በየደብሩ ቢቆዩ ኖሮ አንድ ጦር በአንድ ቀን ባላገኛቸው ነበር። መነኮሳቱ የእንግዳ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም መጽሐፉ ለእነርሱ የመስታወት ውስጥ ዕቃ አይደለም፤ ይቀደስበታል፣ ይጸለይበታል።

ከባዱ ጥያቄ የሴቶች ነው። ጣና ቂርቆስና ዳጋ ለሴት የተዘጉ ናቸው፤ ከሕዝቡ ግማሹ፣ ሴት ተመራማሪዎችም ጭምር፣ ዕቃ ቤቶቹን አያዩም። ሥርዓቱን ከውጭ ሆኖ ለመሻር መነሣት ከንቱ ድካም ነው። ሴት የማይገባበት የግሪኩ የአቶስ ተራራ ግን አንድ መንገድ አሳይቷል። ገዳማቱ ሥርዓታቸውን ሳያፈርሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ከንዋያተ ቅድሳታቸው መርጠው በተሰሎንቄ ከተማ ለዐውደ ርእይ አቀረቡ፤ ሴቶችም አዩ።

በጣና ምሥራቅ ዳርቻም ይህን ያህል ማድረግ ይቻላል። ገዳማቱ ባለቤት የሚሆኑበት፣ የመግቢያው ገንዘብ ለእነርሱ የሚገባበት፣ ከዋናዎቹ ይልቅ የመጻሕፍቱ ጥሩ ፎቶግራፎች የሚታዩበት አነስተኛ ቤት በየብስ ላይ ቢሠራ ወጪው ከአንድ ሎጅ አይበልጥም። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ የአማርኛ ካታሎግ ማዘጋጀት ነው፤ እርሱም ቢሆን ቅጂው አስቀድሞ በገዳሙ እጅ እንዲቀር በጽሑፍ ተስማምቶ። የክልሉ ግጭት የጎብኚን እግር ባሳጠረበት በዚህ ወቅት ከውጭ የሚመጣ እንግዳ መጠበቅ አያስፈልግም። የቤቱ የመጀመሪያ ተመልካች ሐሙሲት ገበያ ቅቤ ሸጣ የምትመለስ፣ ደሴቲቱን ዕድሜዋን ሙሉ ከዳር ሆና ብቻ ያየቻት የደራ ሴት ልትሆን ትችላለች።