ግንዛቤ ማስጨበጥ ወይስ ማስጨብጨብ?

እኔ በምኖርባት፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው አድሊስቪል፣ ድምፅ ሰጪ ሁሉ ከሕዝበ ውሳኔ በፊት ከፌዴራል መንግሥቱ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ በፖስታ ይደርሰዋል። መንግሥት አቋሙን ያስረዳባታል፤ የተቃዋሚዎች መከራከሪያም እዚያው ይታተማል። ልብ በሉ፣ በመንግሥት ወጪ!

ጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ መቀመጫ ናት። ስዊዘርላንድ ግን ለረጅም ዘመን አባል አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1986 መንግሥት «እንግባ» ሲል ሕዝቡ በ75.7 በመቶ እምቢ አለ። በ1992 ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና የመግባት ጥያቄም በ50.3 በመቶ ተቃውሞ ወደቀ። መንግሥት አኩርፎ ማንንም አላሰረም። የድርጅቱ አባልነት ጉዳይ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በማርች 2002፣ እንደገና ለሕዝብ ቀርቦ በ54.6 በመቶ ይሁንታ አገኘ።

በዚያው ዓመት በጁላይ የአፍሪካ ኅብረት ደርባን ላይ ተመሠረተ፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነ። የእኛን ሕዝብ ማን ጠየቀው? መንግሥት ፈረመ፣ ፓርላማ አጸደቀ፣ ሕዝቡ በቴሌቪዥን ሰማ። አዲስ አበቤ ስለ ኅብረቱ በደንብ የሚያውቀው ለመሪዎች ጉባኤ መንገድ ሲዘጋበት ነው።

የአፍሪካን አንድነት አልቃወምም። ነገር ግን ሙሽራዋ ሳትጠየቅ የተደገሰ ሠርግ መጨረሻው አያምርም። ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስም እንዲሁ። ዋጋውን በ30 ዓመት ጦርነት ከፈልነው።

እምቢ ማለት የማይችል ሕዝብ እሺ ቢል፣ እሺታው ምን ይፈይዳል?

ቸር ይግጠመን።