የማኅበር ዓሣ

ፊልቱ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለች የቆላ ከተማ ናት። በነዚህ ወንዞች የሚኖር ዓሣ ምግቡን ራሱ ፈልጎ ይበላል፤ የተረፈውንም የሚፈስሰው ውኃ ይወስደዋል። በመስተዋት ዕቃ የሚኖር ዓሣ ግን እንዲህ አይደለም። ውኃው የቆመ ነውና የተረፈው ምግብ በውስጡ ይበሰብሳል፤ መበስበሱም ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ያሳንስበታል።

የብዙ ሰዎች የሆነ ዓሣ መከራው ይብሳል። ጧት አንዱ፥ በቀትር ሁለተኛው፥ ማታ ሦስተኛው ያበላዋል፤ ሁሉም የሚሰጡት በፍቅር ነው፥ ነገር ግን አንዱ የሌላውን አያውቅም። ዓሣውም ሆዱ ይነፋል፥ መዋኘትም ያቅተዋል። ያን ጊዜ የሚያዝንለት ሰው ምግብ ቢጨምርለት ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም። የሚበጀው አንድ ወይም ሁለት ቀን ማስጾም፥ የተረፈውን ምግብ ማውጣት፥ ከውኃውም ከፊሉን ብቻ ባደረ ውኃ መለወጥ ነው።

ይህን ለቆላ እረኛ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የእህል ጆንያ ቀድዳ የበላች ፍየል ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት እንደምትችል ያውቃልና። እንግዲህ የማኅበር ዓሣ መጋቢው አንድ ሰው ይሁን፥ ሌሎቹም እጃቸውን ይሰብስቡ። ይህ ለልጆች እጅግ ይከብዳል፤ ዓሣ ጠግቦም ሳለ ሰው ሲቀርበው አፉን እየከፈተ ወደ ላይ ይወጣልና።