ቤቱ ሲዞርብዎ

አንባቢ ሆይ! በአልጋዎ ላይ ሲገላበጡ፥ ወይም ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ለማውረድ ቀና ሲሉ፥ ቤቱ በድንገት እንደ እንዝርት ዞሮብዎ ያውቃልን? ያውቅ እንደሆነ ወዳጆችዎ ምክር ሳይሰጡዎ አልቀሩም። አንዱ «ደም አንሶህ ነው፤ ጉበት ብላ» ይላል። ሁለተኛው «ንባብ አብዝተህ ነው» ይላል። ሦስተኛው «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ጢስ ያጨስልዎታል። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ማንም ያልጠረጠረው ጆሮ ነው።

ጆሮ ለመስማት ብቻ አልተፈጠረም። በውስጡ ፈሳሽ የሞላባቸው 3 ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ራሳችን ወዴት እንደ ዞረ ለአንጎል የሚነግሩ እነርሱ ናቸው። በአጠገባቸው ደግሞ እንደ ኖራ ድንጋይ ያሉ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች ይገኛሉ። እነዚህ በዕድሜ፥ ወይም ራስ በመመታቱ፥ አንዳንዴም ያለ ግልጽ ምክንያት ተላቅቀው ከቦዩ የገቡ እንደሆነ ፈሳሹን ያናውጡታል። ያን ጊዜ ለአንጎል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል።

ምልክቱ እንዲህ ነው፤ ማዞሩ ራስን ሲያንቀሳቅሱ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ያልፋል፤ መስማትን አይቀንስም። ለሰዓታት የቆየ፥ ጆሮም የጮኸና መስማትም የደከመ እንደሆነ ግን፥ ፈረንሳዊው ሐኪም ሜኒዬር በ1861 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የገለጸው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የጠጠሩ መድኃኒት ክኒን አይደለም። ሐኪሙ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ፥ የዓይኑን ብሌን መንቀጥቀጥ ተመልክቶ፥ የታመመው የትኛው ጆሮ እንደሆነ ይለያል። ከዚያም አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ ባወጣው ዘዴ ራሱን ወደ ታመመው ጆሮ፥ ቀጥሎ ወደ ሌላው ጎን፥ በኋላም ፊቱን ወደ መሬት ያዞርና ቀና አድርጎ ያስቀምጠዋል። በየእርምጃው ማዞሩ እስኪያልፍ ይታገሣል። ጠጠሩም ተንከባሎ ከቦዩ ይወጣል። ብዙዎች በ1 ወይም በ2 ጊዜ ይሻላቸዋል።

እስኪታከሙ ድረስ ከመሰላል አይውጡ፥ መኪናም አይንዱ። ነገር ግን ከማዞሩ ጋር አንደበት የተሳሰረ፥ አንድ ክንድ የዛለ፥ ነገር ሁለት ሆኖ የታየ፥ ወይም መራመድ ያቃተ እንደሆነ፥ የአንጎል ደም ሥር ችግር ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የጆሮ ጠጠር ቀን ይሰጣል፤ ይህኛው ግን ሰዓት አይሰጥም።