የአንደኛ ክፍል ውሎና የንባብ ጉዳይ

ስለ ትምህርት በሚነገርበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣው የዩኒቨርሲቲው፤ የፈተናውና የዲፕሎማው ጉዳይ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን ከጧት እስከ ቀትር ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን ጠይቆ የሚረዳው ሰው ጥቂት ነው። እኛም ይህንኑ ለመረዳት ስንል ሰሞኑን ወደ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደን፤ በአንደኛ ክፍል ውስጥ ከሕፃናቱ በስተኋላ ተቀምጠን ዋልን። ያየነውን ለአንባቢዎቻችን፤ ይልቁንም ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩት ወጣቶች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ ሕፃናቱም ተሰልፈው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቁጥራቸው 60 ነው። ለሦስት በተሠራው ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ተጠጋግተው ተቀመጡ። መምህርታቸው ሲገቡ ሁሉም ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ ሰላምታ ሰጡ።

የመጀመሪያው ትምህርት አማርኛ ነበር። መምህርቷ ከ‹በ› እስከ ‹ቦ› ያሉትን ሰባት ፊደላት በሰሌዳው ላይ ጻፉና በዘንግ እያመለከቱ ያስነብቧቸው ጀመር። የክፍሉ ድምፅ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጥ ነበር። ከእኛ አጠገብ በመጨረሻው ዴስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ድረስ ከሁሉም አብልጦ ይጮኻል፤ ዓይኑ ግን በሰሌዳው ላይ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል ከአጥር ማዶ በምትታየው ፍየል ላይ ነበር። መምህርቷ ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ቀርበው በደብተሩ ላይ ‹ቢ›ን ለብቻዋ ጻፉና «ይህች ማን ናት?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም በለሆሳስ ከ‹በ› ጀምሮ አንድ ባንድ እየጠራ፤ በየትኛዋ ላይ መቆም እንዳለበት ለማወቅ የመምህርቷን ፊት ይመለከት ጀመር። መምህርቷ እንደ ገና ሊያስረዱት ጎንበስ ሲሉ ደወል ተደወለ።

ለአንድ ትምህርት የተመደበው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ይህ ለ60 ሕፃናት ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ስም ለመጥራት፤ ሰሌዳ ለመጥረግ፤ እርሳሱ የጠፋበትን ለማባበል የሚያልፈው ሲቀነስ፤ የሚተርፈው አንድ ፊደል ጠይቆ መልሱን ለመስማት እንኳ የሚበቃ አይደለም።

ቀጥሎ ሒሳብ ሆነ። ሕፃናቱ በላስቲክ ቋጥረው ያመጡትን ቆርኪ በዴስካቸው ላይ ዘርግፈው መደመር ያዙ። አንዲት ልጅ ቆርኪዋን ረስታ ኖሮ 7ና 5ን በጣቶቿ ስትደምር ጣቶቿ አለቁባት፤ ወዲያው የጎረቤቷን ሁለት ጣቶች ተበድራ 12 አለች። በዚህ ጊዜ ሁሉም ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ አለን።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበር። ነገር ግን ገና ሳይጋመስ ከዲሬክተሩ ቢሮ ሰው መጣና ዛሬውኑ ተሞልቶ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የሚላክ ቅጽ ለመምህርቷ ሰጠ። ቅጹ ስንቱ ልጅ መጽሐፍ እንዳለው፤ ስንቱ የደንብ ልብስ እንደለበሰ የሚጠይቅ ነው። መምህርቷ መዝገባቸውን ገልጠው ሲቆጥሩ የክፍሉ አለቃ ጠመኔ ይዞ የረባሾችን ስም ሊጽፍ በሰሌዳው ፊት ቆመ። አራት ረባሾች ተገኙ፤ ይሁን እንጂ አለቃው ከስማቸው መጀመሪያ ከአንዳንድ ፊደል በላይ መጻፍ ስላልቻለ ረባሾቹ እነማን እንደ ሆኑ ከእርሱ በቀር ያወቀ የለም። ትምህርቱም በዚሁ አለቀ።

በዕረፍት ሰዓት ሕፃናቱ ሜዳውን ሲሞሉት መምህርቷ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ 60 ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ማረም ያዙ። ከዕረፍት በኋላ አካባቢ ሳይንስ፤ ግብረ ገብና የሰውነት ማጎልመሻ እየተከታተሉ አለፉ። በ6 ሰዓት ተኩል የመጨረሻው ደወል ሲደወል ስድስት ትምህርት ተሰጥቷል። በመዝገቡ ላይ የጎደለ ነገር የለም። ያ ልጅ ግን ‹ቢ›ን ሳይለይ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን የምንጽፈው መምህርቷን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ድካማቸውን ያየ ሰው ምስጋና ሊነፍጋቸው አይችልም። የምንለው፤ በሥራ የተሞላ ቀን ሁሉ ዕውቀት የተገኘበት ቀን አይደለም ነው። በኅብረት የሚጮኽ ክፍል የሚያውቅ ክፍል ይመስላል፤ የማያውቀው ልጅ ግን በሚያውቁት ድምፅ ውስጥ ተሸሽጎ ዓመቱን ይፈጽማል።

የቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። ሕፃኑ በመጀመሪያ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፤ በጠቅላላው 231ዱን፤ በ‹ሀ ሁ› ተራ እያዜመ ያጠናል። ነገር ግን ዜማው የገባው በአፉ እንጂ በዓይኑ ላይሆን ይችላልና ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣበታል። በአቡጊዳ የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ ከ‹አ› ወደ ‹ቡ›፤ ከ‹ቡ› ወደ ‹ጊ›፤ ከ‹ጊ› ወደ ‹ዳ› ይዘልላል። በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ በዓይኑ የለየ ግን ያልፋል። ከዚህም በላይ አስቀድሞ ፊደል የለየ ልጅ ታናሹን ስለሚያስቆጥር እያንዳንዱ ሕፃን ለብቻው የሚያደምጠው ጆሮ ነበረው። የዚያን ትምህርት ቤት አለንጋ ማንም አይመኝም፤ ጥበቡን መተው ግን ጉዳት ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ በተደረገው የንባብ ምዘና፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከሦስቱ አንድ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ደግሞ ከ896,000 በላይ ከሆኑት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክርም ብዙ ነበር። ለውጤቱ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ ታሪኩንም፤ ሳይንሱንም፤ ሒሳቡንም በምን ሊማረው ይችላል? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል እንደሚባለው፤ በአንደኛ ክፍል የቀረውን ፊደል በ12ኛ ክፍል መፈለግ ጭንቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የክፍሉ ሕፃናት ቁጥር እስኪቀንስ መምህራንና የመማሪያ ቤቶች መጨመር አለባቸው፤ ይህ ግን ገንዘብና ዓመታት የሚጠይቅ ነው። ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችልም አለ። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የንባቡ ሰዓት በስብሰባም፤ በቅጽም፤ በእንግዳም የማይነካ ሆኖ ይከበር። ፊደል በኅብረት ከተነበበ በኋላ ተራው እየፈረሰ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ልጆች ለብቻቸው ይደመጡ፤ በቀን 6 ልጅ ቢደመጥ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ 60ውም ይዳረሳሉ። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችም መምህራኑን በመርዳት ታናናሾቻቸውን ያስነብቡ።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፤ ያን ቅጽ ያዘጋጀው ከእናንተ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በክፋት እንዳላደረገው እናውቃለን፤ ጥያቄው የ60 ሕፃናትን አንድ ሙሉ ትምህርት እንደሚወስድ የነገረው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ቅጽ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን በአንደኛ ክፍል የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጣችሁ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ስንት ተመዘገበ ከማለት አልፋችሁ፤ ስንቱ አነበበ ብላችሁ መጠየቅ ትጀምራላችሁ።

እናንተም ተማሪዎች በየቤታችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት አላችሁ። አጠገባችሁ አስቀምጡና አንዲት ፊደል ከመካከል አውጥታችሁ ጠይቋቸው፤ ዝም ቢሉም አትቆጡ፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አስቆጥሯቸው።