«ማርሹ ራሱ ይቆልፋል»፤ ከመድረክ በላይ የተሰቀለ አደገኛ እምነት

ተመልካች ቴአትር ቤት ገብቶ ወንበሩን ሲይዝ ዓይኑ የሚያርፈው መጋረጃው ላይ ነው፤ መጋረጃው በምን እንደተንጠለጠለ የሚጠይቅ ግን የለም። ከመድረኩ ጣሪያ ሥር፣ ከተዋናዮች ራስ በላይ፣ በመቶዎች ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ቧንቧ፣ የመድረክ መብራት፣ ቀለም የተቀባ ሸራና የእንጨት ግድግዳ በብረት ገመድ ተሰቅሎ ይውላል፤ ያድራልም። ገመዱ ከበሮ ላይ ተጠቅልሏል፤ ከበሮው ከማርሽ ሳጥን፣ ማርሽ ሳጥኑም ከሞተር ጋር ተያይዟል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለች አንዲት ጥርስ ብትሰበር ጭነቱን የሚይዘው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለአስተዳዳሪውም ለጨረታ አውጪውም ለዕቃ አቅራቢውም ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ችግር የለም፤ ማርሹ ራሱ ይቆልፋል» የሚል። መልሱ አጭር ነው፤ ያረጋጋል፤ ስሕተትም ነው። ሰው ሊገድል የሚችል ስሕተት!

በቀድሞው ዘመን የመድረክ ጭነት ከሰው እጅ ጋር የተገናኘ ነበር። በአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ገመድ ሳቢዎች ሚዛኑን መጀመሪያ በአሸዋ ከረጢት፣ በኋላም በብረት ክብደት እያስተካከሉ መጋረጃና ሸራ ይሰቅሉና ያወርዱ ነበር። አሠራሩ አድካሚ ነበር፤ አደጋም አላጣውም። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ በጎ ጎን ነበረው። ሸራው ከጎረቤቱ ቧንቧ ጋር ሲጠላለፍ ገመድ ሳቢው በመዳፉ ያውቀዋል፤ ክብደቱ ከትናንቱ ሲለይ ክንዱ ይነግረዋል። ሞተር ይህ ስሜት የለውም። ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ይጎትታል፤ ሸራው ይቀደድ፣ ገመዱ ይበጠስ፣ የማርሹ ጥርስ ይሸረፍ፣ ለእርሱ ሁሉም አንድ ነው። እንግዲህ ሞተር ያስገባ ቴአትር ቤት ከቦታው ያነሣው የሰውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሰውን ንቃት ጭምር ነው። ያነሣውን በሌላ መተካት ደግሞ ግዴታው ነው።

የዊንች አሠራር ሲተነተን የተወሳሰበ አይደለም። በ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ የተለመደ ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ፍጥነት በቀጥታ ለገመድ የሚሰጥ ስላልሆነ፣ ለምሳሌ 50 ለ1 የሚቀንስ ማርሽ ሳጥን በመካከል ይገባል፤ ከበሮውም በደቂቃ 29 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የከበሮው ዲያሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ገመዱ በደቂቃ 27 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የማዞር ኃይሉ ይጨምራል፤ ትንሽ ሞተር ትልቅ ጭነት የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ጭነት ወደ ሞተሩ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ በሚነካኩ ጥቂት ጥርሶች በኩል መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በርካሽ ዊንቾች ውስጥ አዘውትሮ የሚገኘው ማርሽ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ የብረት ዘንግ የነሐስ ማርሽ የሚያሽከረክርበት ዓይነት ነው። በቅርጹ ምክንያት በውጭ ቋንቋዎች የትል ስም ተሰጥቶታል። ዘንጉ ማርሹን ያዞራል፤ ማርሹ ግን ዘንጉን መልሶ ለማዞር ሲሞክር ሰበቃ ያግደዋል። «ራሱ ይቆልፋል» የተባለው ነገር ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ሰበቃ ነው። ሰበቃ ደግሞ ቃል ኪዳን አያውቅም። የቆመ ነገር ሰበቃው ከሚንቀሳቀስ ነገር ይበልጣል፤ ስለዚህ ቆሞ ሳለ የተቆለፈው ማርሽ በንዝረት ጥቂት ከተነቃነቀ ቀስ እያለ ሊንሸራተት ይችላል። አዲስ ሳለ ሻካራ የነበረው ጥርስ ሲሠራበት ይለሰልሳል። ምፀቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ አሳቢ ሠራተኛ ማርሹን ለመንከባከብ የተሻለ ዘይት ሲጨምርለት ሰበቃውን ይቀንሳል፤ ሰበቃውን ሲቀንስም የተመካበትን መቆለፊያ ያላላል። በጥሩ እንክብካቤ የሚዳከም መከላከያ እንዴት መከላከያ ይባላል?

በዚህም ላይ ራሱን የሚቆልፍ ትል ማርሽ በባሕርይው ከሞተሩ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነው። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ዘይትም ነሐሱን ከመበላት በሚገባ አይጠብቀውም። የሚበላው ነሐስ ደግሞ ጭነቱን የተሸከመው ያው ጥርስ ነው።

እሺ፣ ማርሹ ሁልጊዜ ይቆልፋል ይባል። ቢቆልፍስ? የሚቆልፈው ጥርሱ እስካለ ድረስ ነው፤ የተሰበረ ጥርስ ምንም አይቆልፍም። ከሞተሩ ጀርባ የተገጠመው ፍሬንም ብቻውን ከዚህ አያድንም። በፍሬኑና በጭነቱ መካከል የሞተሩ ዘንግ፣ የማርሹ ጥርስ፣ ማርሹን ከዘንጉ ጋር ያስተሳሰረችው ትንሽ የብረት ሽብልቅና የከበሮው ዘንግ ተሰልፈዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢለቅ ፍሬኑ ሞተሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ጭነቱ ግን ከሞተሩ ጋር የነበረው ዝምድና ተቋርጧልና ይወድቃል። ከ6 ሜትር ከፍታ ያለ አጋጅ የሚወድቅ ነገር መሬት የሚደርሰው በ1 ነጥብ 1 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተዋናይ ቀና ብሎ ማየት እንኳ አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ፍሬን ያስፈልጋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያልተመካ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ጭነቱን መያዝ የሚችል። ሁለተኛው ደግሞ በራሱ በከበሮው ላይ ወይም ከጭነቱ ወገን ቢሆን ይመረጣል፤ ማርሹ ቢሰበር የሚያዘው ከማርሹ ወዲያ ያለው ብቻ ነውና። አበው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ማርሹ ከሁለቱ መያዣዎች እንደ አንዱ ይቆጠር የሚል መሐንዲስ ቢኖር እንኳ በስሌት ያስረዳ፤ ብቻውን ይቁም የሚል ግን ሊደመጥ አይገባም።

ለዚህ አሠራር የሚቀርቡት መከራከሪያዎች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው «ይህን ያህል ዓመት ሠርተንበታል፤ ምንም አልሆነም» የሚለው ነው። የነሐስ ጥርስ ግን ዓመት ሲቆጠርለት የሚጠነክር ሽማግሌ አይደለም፤ በየቀኑ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ምንም ያልሆነባቸው ዓመታት ሊሆን የሚችለውን የሚያቀርቡ እንጂ የሚያርቁ አይደሉም።

ሁለተኛው «በሕንፃ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚያነሣ ዊንች መጋረጃ ለማንሣት ምን አነሰው?» የሚል ነው። በግንባታ ቦታ ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር መቆም የተከለከለ ነው፤ በመድረክ ላይ ግን ተዋናዩ የሚቆመው፣ የሚዘፍነውና የሚጨፍረው ከዚያው ሥር ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። የጀርመን የመድረክ ሙያተኞች ይህን ልዩነት በግልጽ ከፍለውታል። ዲ8 የሚባለው ማንሻ ተጨማሪ ማሰሪያ ሳይደረግለት ሰው ባለበት ላይ ጭነት ሰቅሎ መቆየት አይፈቀድለትም። ዲ8 ፕላስ የተባለው ሰቅሎ መቆየት ይችላል፤ ሰው ከሥሩ ሳለ ማንቀሳቀስ ግን አይችልም። ሰው ከሥሩ ሳለ ጭነት ማንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ሲ1 ብቻ ነው። አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2020 ለመድረክ ማሽኖች ለብቻው የተዘጋጀ ኢኤን 17206 የተባለ ደረጃ አውጥታለች። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ የሚያባክኑበት አጥተው አይደለም።

ሦስተኛው መከራከሪያ የገንዘብ ነው፤ እርሱም በቅንነት ሊታይ ይገባል። ሁለተኛ ፍሬን፣ ክብደት የሚለካ መሣሪያና የላላ ገመድ የሚያውቅ ማብሪያ ማጥፊያ ዋጋ ያስወጣሉ። ይሁን እንጂ ሁሉንም የሞተር መጋረጃ ማድረግ ግዴታ ነው ያለው ማን ነው? ገንዘቡ ለሃያ ደካማ ዊንች ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስድስት ጠንካራ ዊንች ገዝቶ የቀረውን በሰው እጅና በሚዛን ክብደት ማሠራት ይቻላል። ድሃ ቴአትር ቤት ጥቂት ሞተር ቢኖረው አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሰው ገድሎ የሚገኝ ዘመናዊነት ነው።

የላላ ገመድ ጉዳይ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። የሚወርድ ቧንቧ ከታች ያለ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ሞተሩ አያውቅምና ገመዱን መልቀቁን ይቀጥላል። ከዚያ ቧንቧው ከግድግዳው ተንሸራቶ 1 ሜትር ያህል ቢወድቅና ገመዱ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያስቆመው፣ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ የጭነቱን 11 እጥፍ ይሆናል። አሥር እጥፍ ጭነት ይችላል ተብሎ የተመረጠ ገመድ እንኳ ለዚህ አልተዘጋጀም፤ የማርሹ ጥርስማ ከቶ አይነሣም።

ሀብታም አገሮችም ከአደጋ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ1903 በቺካጎ የኢሮኮይ ቴአትር እሳት ሲነሣ ከእሳት ይከላከላል የተባለው መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተሰናከለ፤ 602 ሰዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በላስ ቬጋስ አንዲት የሰርከስ ባለሙያ በትርኢት መካከል በፍጥነት ወደ ላይ ስትሳብ የብረት ገመዷ ከፑሌጃው ወጥቶ ተቆረጠ፤ ወድቃም ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2021 በሞስኮ ቦልሾይ ቴአትር ትዕይንት ሲቀየር የወረደ የመድረክ ቁሳቁስ አንድ ተሳታፊ ጨፍልቆ ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በሆንግ ኮንግ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የብረት ገመዱ የደከመ ግዙፍ ስክሪን በጨፋሪዎች ላይ ወደቀ። የእነዚህ አደጋዎች መንሥኤ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ በገመድ፣ ሌላው በፑሌጃ፣ ሌላውም በሰዎች ቅንጅት የመጣ ነው። ትምህርታቸው ግን አንድ ነው። ከሰው ራስ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አንድ ጥፋት ብቻ ሲገጥመው ሰው የሚገድል ሆኖ ከተሠራ ቀኑን የሚጠብቅ አደጋ ነው።

ለምሥራቅ አፍሪካ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። በሞተር ላይ የተለጠፈው የአቅም ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርን በሚገባ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ አቅሙ ተቀንሶ መታሰብ አለበት። ካርቱምና ጅቡቲ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋሉ። በሞቃዲሾና በሞምባሳ ጨዋማ የባሕር አየር የብረት ገመድን ይበላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ በስፕሪንግ የሚዘጋው ፍሬን በድንገት ይነክሳል፤ በእንቅስቃሴ ላይ የነበረው ጭነትም ድንጋጤውን በሙሉ በማርሹ ጥርስ ላይ ያሳርፋል። መብራት አዘውትሮ በሚጠፋበት ከተማ ለአደጋ ጊዜ ብቻ የታሰበው አቋቋም የዕለት ተዕለት ሥራ ይሆናል። ለሙኒክ የተሰላ ማርሽ ይህን አያውቅም።

የአካባቢው ታላላቅ አዳራሾች ታሪክም የሚያስተምረው አለ። የሞቃዲሾው ብሔራዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1967፣ የካርቱሙ የወዳጅነት አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በቻይና ድጋፍ ተሠርተዋል። የናይሮቢው በ1952፣ የአዲስ አበባው በ1955፣ የካምፓላው በ1959 የተከፈቱት ብሔራዊ ቴአትሮችም ዕድሜ ጠገብ ናቸው። አዳራሽ በስጦታ ሊገኝ ይችላል፤ ጥገና ግን በስጦታ አይመጣም። አሮጌ ቤት ሲታደስ ወይም አዲስ ሲገነባ ሪባን ይቆረጣል፤ ሠራተኛው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያም ከአስተዳዳሪው ቁም ሣጥን ይገባል። ማርሽ ሳጥኑ ተጋድሞ ይሁን ቆሞ እንዲገጠም የታሰበው፣ ዘይቱ እስከ የት መድረስ እንዳለበት የሚናገረው ግን ያ መመሪያ ነው። አቀማመጡ ከተለወጠና የዘይቱ ልክ ካልተስተካከለ የላይኛው ኩሽኔታ ደርቆ ይሠራል፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ግን የተቀባ አረንጓዴ ሳጥን እንጂ ሌላ አይታየውም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት «ዊንች፣ 500 ኪሎ» ብሎ መጻፉን ይተው፤ ሁለት ነጻ ፍሬኖች፣ የከተማው ከፍታና ሙቀት፣ የላላ ገመድ መቆጣጠሪያ፣ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያና የመለዋወጫ ዕቃ በጽሑፍ ይጠየቁ። እያንዳንዱ ፍሬን ሌላው ተለቅቆ ብቻውን፣ ሰው ከሥር በሌለበት፣ በክብደት ይፈተን፤ ፈተናው በየዓመቱ ይደገም፤ ውጤቱም በመዝገብ ይስፈር። በየቧንቧው ላይ የሚችለው ክብደት በጉልህ ይጻፍ። ዊንች የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ጭነቱን በዓይኑ የሚያይ፣ ጣቱን ሲያነሣ ማሽኑ የሚቆምለት ይሁን። ከሁሉም በላይ ሠራተኛው «ይቁም» ሲል አዘጋጁም ሚኒስትሩም እንግዳውም ይታዘዙት፤ ትርኢቱ በአሥር ደቂቃ ቢዘገይ የሚሞት የለም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የኢሮኮይ ቴአትር የደኅንነት ደንብ የተጠናከረው ከቀብር በኋላ ነበር፤ ከዚያ የተማረ ሁሉ ግን ቀብሩን እንደገና መክፈል አይገደድም። ስለዚህ መጋረጃ ከመከፈቱ በፊት፣ ተዋናዮች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት፣ እያንዳንዱ የቴአትር ቤት ኃላፊ ወደ ላይ ይመልከትና ይጠይቅ፤ ይህ ማርሽ አሁን ቢሰበር ጭነቱን የሚይዘው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ በጣቱ የሚያመለክተው ሁለተኛ ነገር ያጣ ኃላፊ፣ እስኪያገኝ ድረስ ሰውን ከዚያ ሥር የማቆም መብት የለውም።